ስለ አንዲት ትንሽ ወንበር መታደስ

የቀድሞውን ዘመን ለማወቅ የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ሐውልትና ወደ ዜና መዋዕል ይመለከታል። ነገር ግን በየቤታችን ማዕዘን ተጥሎ የሚኖረው አሮጌ ዕቃም ጠያቂ ካገኘ የሚናገረው አያጣም። በድሬዳዋ ከተማ፥ በቀፊራ በሚገኘው የወላጆቻችን ቤት፥ በልጅነታችን እንቀመጥባት የነበረች አንዲት ትንሽ ወንበር አለች። መቀመጫዋ ስለ ተቀደደና ስለ ጎደጎደ ልትጣል ነበረ፤ እኛ ግን በገዛ እጃችን ልናድሳት ቆረጥን። በሥራውም ላይ ሳለን ያገኘነውን ነገር ለአንባብያን መንገር የሚጠቅም መስሎ ታየን።

አስቀድመን ስለ ስሟ ጥቂት እንናገር። ወንበር የሚለው ቃል ከግዕዙ መንበር የመጣ ነው፤ መንበርም ነበረ ከሚለው ግሥ ይወጣል። ነበረ በግዕዝ ተቀመጠ፥ ኖረ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ያለፈውን ነገር የምንነግርበት ቃል ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ በቋንቋችን መቀመጫና ታሪክ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ወንበር በአገራችን የክብር ምልክት ነበረ። በአክሱም የድንጋይ መናብርት መሠረቶች እስከ ዛሬ ይታያሉ። በአዱሊስም ከእብነ በረድ የተሠራ የንጉሥ መንበር እንደ ነበረ፥ በስድስተኛው መቶ ዓመት በዚያ ያለፈው ነጋዴ ኮስማስ ጽፎልናል፤ በመንበሩ ላይ የተቀረጸውንም ጽሕፈት በንጉሡ በካሌብ ዘመን ገልብጦታል። መንበሩ ጠፋ፤ ግልባጩ ግን ቀረ። በኋላም ዘመን በችሎት የሚቀመጡት ዳኞች ወንበሮች ይባሉ ነበረ። የቤተ ክርስቲያን ሊቅም ጉባኤ ዘርግቶ ማስተማር ሲጀምር ወንበር ተከለ ይባልለታል፤ ደቀ መዝሙሩ ግን ከመሬት ይቀመጣል። የብዙው ሕዝብ መቀመጫ መደብ፥ በርጩማና የጠፍር አልጋ ነበረ፤ በሐረር ቤቶችም ምንጣፍ የሚነጠፍበት ነደባ አለ። ለሕፃን ልጅ ለብቻው ወንበር አሠርቶ መስጠት እንግዲህ ይልቁንም ከከተማ ኑሮ ጋር የተስፋፋ ልማድ ነው።

ድሬዳዋም ራሷ የምድር ባቡር ልጅ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ባቡሩም በታኅሣሥ 1895 ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲድ እጅግ አስቸጋሪ ስለ ሆነ መንገዱ በተራራው ግርጌ አለፈ፤ በዚያም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ከተማ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ከደጫቱ ወንዝ በምዕራብ በኩል ከዚራ በጣቢያው ዙሪያ በቅየሳ ሲሠራ፥ በምሥራቅ በኩል መጋላ ከነገበያው ከነቀፊራ በሕዝቡ ፈቃድና ልማድ እየሰፋ ሄደ። ወንበራችንም የተሠራችው በዚሁ ሠፈር በአንድ አናጢ እጅ ነው።

ሥራውን እንዲህ ጀመርን። የዛጉትን ሚስማሮች በጉጠት ነቀልን፤ ጨርቁንም ሳንቀድ አነሣነው፤ አሮጌው ልብስ ለአዲሱ መለኪያ ይሆናልና። ከሁሉ በላይ የነበረው ቆዳ የሚመስል ቀይ ላስቲክ ነው። ከሥሩ በድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠራ ባለ አበባ ጨርቅ ተገኘ። ከዚያም በታች አቡጀዲድ ነበረ፤ አስቀድሞ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች እየመጣ በአገራችን ገበያ የታወቀው ያልነጣው የጥጥ ጨርቅ ነው። ከአቡጀዲዱ ሥር በቃጫ የተሞላ የቡና ጆንያ፥ ከሁሉም በታች እንደ አልጋ የተጠላለፈ ጠፍር አየን። እንግዲህ በአንዲት መቀመጫ ውስጥ የገበሬው በሬ ቆዳ፥ በባቡር ወደ ባሕር ይወርድ የነበረው የሐረርጌ ቡና ጆንያ፥ ከባሕር ማዶ የመጣው የጨርቅ ዓይነትና የከተማይቱ ፋብሪካ ሥራ ተደራርበው ኖረዋል።

ነገር ግን በቀዩ ላስቲክና በአበባው ጨርቅ መካከል ሌላም ነገር ነበረ፤ የደረቀ ጭቃ። ይህ የደጫቱ ጭቃ ነው። ደጫቱ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው፤ በደቡብ ባለው ደጋ ብርቱ ዝናም በዘነመ ጊዜ ግን በድንገት ይሞላል። በሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፥ 1998 ዓመተ ምሕረት፥ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ወንዙ ወጥቶ በዳርቻው ያሉትን ሠፈሮች መታ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ከእነዚህ አንዲቱ ማታ ማታ ወደ ቤታችን እየመጣች በዚህች ወንበር ትቀመጥ የነበረች የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። ውሃው ሲጎድል እናታችን ወንበሯን ከጭቃው አወጣች፤ ፀሐይ ላይ ጥቂት አቆየቻት፤ ከዚያም ሳትከፍታት ቀዩን ላስቲክ አለበሰቻት። መክፈት አልቻለችም፤ ማንም አልነቀፋትም።

ሆኖም የተሸፈነው እርጥበት ሥራውን አላቋረጠም። ሚስማሩን አዛገ፤ ጠፍሩን አበሰበሰ፤ ከውጭ ሲያዩት ደኅና የመሰለው መቀመጫ ከውስጥ አለቀ። ዳዊት የሚደጕስ ሰው አሮጌውን መጽሐፍ በአዲስ ቆዳ ከመሸፈኑ አስቀድሞ ብራናውን ገልጦ ነቀዙን ያራግፋል፤ የላላውን ጥራዝ ይሰፋል፤ ከዚህ በኋላ ብቻ ያለብሳል። የቤትም ሆነ የከተማ ታሪክ እንዲሁ ነው። ኀዘን ያለበትን ነገር ሳይገልጡ በመልካም ቃል ማልበስ ለጊዜው ያሳርፋል፤ በመጨረሻ ግን ተቀማጩን ይጥላል።

ከዚህ በኋላ እናታችንን አስፈቅደን ሥራውን ቀጠልን። ጭቃውን በብሩሽ አራገፍን፤ የላላውን እግር በኮላ አጠበቅን፤ አዲስ ጠፍር አንዱን በላይ አንዱን በታች እያሳለፍን ወጠርን። ኬሚስቱ ኦቶ ባየር በ1937 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጀርመን አገር ከፈለሰፈው ነገር የተገኘውን ስፖንጅ እንድናደርግ የመከሩን ነበሩ፤ ስፖንጅ ግን ሲያረጅ ይፈረፈራል፤ ቃጫ ታጥቦና ተበጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ ያንኑ ቃጫ አጥበን መለስነው። በላዩ ጆንያ፥ ከዚያም አቡጀዲድ፥ በመጨረሻም አዲሱን ጨርቅ አለበስን። ጨርቁ እንዳይጨማደድ ሚስማሩ ከየጎኑ መካከል ተጀምሮ ወደ ማዕዘኑ ይሄዳል፤ ከማዕዘን የጀመረ ሰው ሁለት ጊዜ ይደክማል።

ከየአሮጌው ጨርቅ ቍራጭ ቈርጠን ከመቀመጫዋ ሥር አኖርን። ጸሓፍት አባቶቻችን በመጽሐፋቸው መጨረሻ ስምና ዘመን እንዲተዉ፥ እኛም በእንጨቱ ላይ የጐርፉን ዓመት፥ የታደሰችበትን ዓመትና የዚያችን ሕፃን ስም ጻፍን። እናታችን ጽሕፈቱን ካነበበች በኋላ ወንበሯን ከማዕዘን አንሥታ በደጃፉ አጠገብ፥ ልጆች በሚያልፉበት፥ አኖረቻት።