«ፍጹም ቁጥር» ስለሚባለው ስያሜ

ለፍጹም ቁጥር «እንከን የለሽ ቁጥር» የሚለው አጠራር በመምህራንና በተማሪዎች አንደበት እየተለመደ ሲሄድ ዝም ብሎ ማለፍ ለቋንቋችን አለማሰብ መስሎ ስለ ታየኝ፣ ይህን አጭር ማብራሪያ ለመጻፍ ተነሣሁ። እንከን ማለት ነውር፣ ጉድፍ ማለት ነው፤ እንከን የሌለበት በግ፣ እንከን የሌለበት ሸማ ይባላል እንጂ ቁጥር የሚነጻበት ነውር የለውምና፣ ስያሜው የነገሩን ጠባይ ከቶ አይነካም።

ነገሩስ አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ አንድ ቁጥር ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሁሉ ሲደመሩ ያንኑ ቁጥር መልሰው የሚሰጡ እንደ ሆነ ነው። 28 ለ1፣ ለ2፣ ለ4፣ ለ7 እና ለ14 ይካፈላል፤ የእነዚህም ድምር 28 ነው።

የግሪክ ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን ቁጥር «ቴሌዮስ» አሉት፤ ቃሉም ፍጻሜ ከሚባለው ከ«ቴሎስ» የወጣ ነው። ግእዝም ፈጸመ ከሚለው ግስ ፍጹምን፣ ፍጻሜን፣ ተፍጻሜትን ሲያስገኝ የኖረ፣ ገበሬውም አጨዳውን ሲጨርስ «ፈጸምሁ» የሚልበት ሥር ሆኖ ሳለ፣ ሌላ ቃል ፍለጋ መድከም ለምን ያስፈልጋል? ቅዱስ አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ በ11ኛው ክፍል የፍጥረትን በ6 ቀን መፈጸም ከ6 ፍጹምነት ጋር ያያይዘዋል፤ 6 የ1፣ የ2 እና የ3 ድምር ነውና። የስድስቱን ቀን ፍጥረት የሚተርከውን አክሲማሮስን የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ቃሉ ባዕድ አይሆንበትም።

«ምሉዕ» የሚሉም አሉ። ቃሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን «ሙሉ ቁጥር» አስቀድሞ ሌላ ትርጉም ስለ ያዘ፣ ከአንድ ሥር የበቀሉ ሁለት ስሞች ተማሪውን ያደናግሩታል።

የፍጹምነቱ ኃይል የሚገለጠው በታላቁ ቁጥር በ33,550,336 ላይ ነው። ይህ 4,096 በ8,191 ሲባዛ የሚገኘው ሲሆን፣ 8,191 ብቸኛ ቁጥር ነው። ከ1 ጀምሮ እጥፍ በእጥፍ እስከ 4,096 የሚደርሱት 13 አካፋዮች ሲደመሩ 8,191 ይሆናሉ፤ የቀሩት 12 አካፋዮች፣ ማለት 8,191 ራሱና እጥፍ በእጥፍ የሚከተሉት፣ 33,542,145 ይሆናሉ፤ ሁለቱ ድምሮች ሲገናኙ ሒሳቡ አንዲት ሳትጎድል፣ አንዲት ሳትተርፍ ይፈጸማል። እንዲህ ያለው ቁጥር የሚገኝበትን መንገድ ሕግ ኤውክሊድ በጂኦሜትሪ መጽሐፉ በ9ኛው ክፍል አስረድቶታል።

የጌራሳው ኒቆማኮስ ቁጥሮችን በሦስት ስለ ከፈለ የቀሩት ሁለቱም ስም ይሻሉ። የአካፋዮቹ ድምር የሚያንስበትን «ጎደሎ» እንዳንለው፣ ይህ ስም ለ3፣ ለ5 እና ለመሰሎቻቸው ተይዟል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን ሕጸጽ፣ ማለት ጉድለት፣ የሚለውን ቃል ጠብቀውልናልና፣ ድምሩ 7 ብቻ የሚሆነው 8 «ሕጹጽ»፣ ድምሩ 16 የሚደርሰው 12 ደግሞ «ትሩፍ» ቢባሉ፣ ሕጹጽ፣ ፍጹም፣ ትሩፍ ተብለው ሦስቱ በአንድ የቃል ቅርጽ ይሰለፋሉ።