ድሬስደን፦ የገና ገበያና የቅቤ ፈቃድ

በምሥራቅ ጀርመን፣ በኤልበ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ድሬስደን በበረዶው ወራት እንግዳ ይጎርፍባታል። በዲሴምበር ፀሐይ በዐሥር ሰዓት ግድም ስትጠልቅ፣ አልትማርክት በተባለው አሮጌ ዐደባባይ የተደረደሩት የእንጨት ዳሶች በመብራት ይደምቃሉ፤ የተቆላ ለውዝና በቅመም የሞቀ የወይን ጠጅ ሽታ አካባቢውን ያውደዋል። መንገደኛው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ገበያውን፣ የነገሥታቱን አዳራሽና በየመስኮቱ የሚታየውን ብርሃን ተመልክቶ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ድግስ ከጾም የተወለደ መሆኑን ግን የሚነግረው ሰው እምብዛም አያገኝም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የገበያው ታሪክ የሚጀምረው በ1434 ነው። የሳክሶኒው መስፍን ፍሬድሪክ 2ኛ በዚያ ዓመት ለከተማይቱ ሸንጎ በገና ዋዜማ የአንድ ቀን የሥጋ ገበያ እንዲያቆም ፈቀደለት። የነቢያትን ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾሞ በገና ዋዜማ ወደ ገበያ ለሚወርድ ኢትዮጵያዊ ምክንያቱን ማስረዳት አያሻም። ያን ጊዜ የምዕራቡም ክርስቲያን ከገና በፊት ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ተከልክሎ ይሰነብት ነበርና ለፍስኩ የሚሆነውን ሥጋ የሚገዛበት ገበያ ያስፈልገው ነበር። የአንዱ ቀን ገበያ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየረዘመ ሄዶ ዛሬ ወር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ሆኗል።

ገበያው ሽትሪዝልማርክት የሚባለው በዳቦ ስም ነው፤ ሽትሪዝል ዛሬ በሰፊው ሽቶለን ተብሎ የሚታወቀው የገና ዳቦ የቀድሞ መጠሪያ ነው። የዛሬው ሽቶለን በቅቤ የራሰ፣ ዘቢብና ለውዝ የሞላበት፣ ስኳር እንደ በረዶ የተነሰነሰበት ነው፤ መልኩም በጨርቅ የተጠቀለለውን ሕፃን ኢየሱስን ያስታውሳል ይባላል። የጥንቱ ግን ከዱቄት፣ ከእርሾ፣ ከውኃና ከዘይት ብቻ የሚጋገር ደረቅ የጾም ዳቦ ነበር። የወይራ ዛፍ በማይበቅልበት በዚያ ብርዳም አገር የሚገኘው ዘይት ጣዕሙ የማይወደድ በመሆኑ፣ የሳክሶኒ መሳፍንት በጾም ቅቤ እንዲፈቀድላቸው ወደ ሮም ደጋግመው አመለከቱ። በመጨረሻ በ1491 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ “የቅቤ ደብዳቤ” በሚል ስም የሚታወቀውን ፈቃድ ላኩ።

ፈቃዱ በነፃ አልተሰጠም። ቅቤ የሚበላው ሰው ገንዘብ እንዲከፍል ተወሰነበት፤ ክፍያውም በ1484 በእሳት የወደመውን የፍራይበርግ ካቴድራል መልሶ ለማሠራት እንዲውል ተደረገ። ማርቲን ሉተር በ1520 ለጀርመን መሳፍንት በጻፈው መልእክት እንዲህ ያለውን ንግድ፣ ጾምን አዝዞ መፈሰኪያውን መሸጥን፣ በምሬት ነቅፏል። የተሐድሶው ጠብ የተነሣው በታላላቅ የሃይማኖት ጥያቄዎች ነው ቢባልም የድሀው ሰው የቅቤ ዋጋም አለበት። ድሬስደን በ1539 የሉተርን ትምህርት ስትቀበል ፈቃድ መግዛቱ ቀረ፤ የጾሙም ግዴታ አብሮ ቀረ፤ ዳቦው ግን ከነቅቤው ኖረ።

ከዚያ ወዲያ ዳቦው የነገሥታት መታያ ሆነ። “ብርቱው” የተባለው አውጉስት፣ የፖላንድን ዘውድ ለመጫን ሲል በ1697 ካቶሊክ የሆነው ያ የሉተራውያን አገር ገዥ፣ በ1730 በሳይትሃይን ሜዳ ታላቅ የጦር ትርኢት አሳየ። በትርኢቱ ላይ 1.8 ቶን ገደማ የሚመዝን ሽቶለን አስጋግሮ 1.6 ሜትር በሚረዝም ቢላዋ አስቆርሶ ለእንግዶቹ አደለ። ይህ የሆነው በጁን ወር፣ በበጋ ነው። የጾም ዳቦ ከጾሙም ከገናውም ተፋትቶ ከዚህ በላይ ሊርቅ አይችልም። ከ1994 ወዲህም ዳቦ ጋጋሪዎች በየዓመቱ በዲሴምበር ግዙፍ ሽቶለን በሠረገላ በከተማይቱ እያዞሩ በዚያ ቢላዋ አምሳያ ቆርሰው ይሸጣሉ።

የአውጉስት ሀብት ከመሬት በታች የወጣ ነበር። በ1168 በፍራይበርግ አካባቢ ብር ተገኝቶ ነበርና የድሬስደን ገዥዎች ለዘመናት በእርሱ ከበሩ። አውጉስት የጽቪንገርን አጥር፣ ሰገነትና ምንጭ አሠርቶ፣ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ደግሞ “አረንጓዴው ጓዳ” የተባለውን የዕንቍ ግምጃ ቤት ለተመልካች ከፈተ። ከዕቃዎቹ አንዱ ቀራጩ ፐርሞዘር በ1724 ገደማ የሠራው፣ ከኮሎምቢያ የመጣ ያልተጠረበ መረግድ በሰሐን ተሸክሞ የቆመ ጥቁር ሰው ምስል ነው። አካሉ የአፍሪካዊ፣ ጌጡ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ነው፤ ለቤተ መንግሥቱ ሩቅ አገር ሁሉ አንድ ዓይነት ነበርና። በኖቬምበር 2019 ሌቦች ግምጃ ቤቱን ሰብረው ከዘረፉት ጌጣጌጥ አብዛኛው በዲሴምበር 2022 ተመልሷል።

ብሩን ከቆፈሩት ሰዎች የቀረው መታሰቢያ ግን በመስኮት ላይ የሚበራው ሻማ ነው። በማዕድን ተራሮቹ የሚኖረው ቆፋሪ በበረዶው ወራት ሳይነጋ ጉድጓድ ገብቶ ከመሸ ይወጣ ስለነበር ፀሐይን የሚያያት በእሑድ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው የአገሬው ሰው በገና ሰሞን መስኮቱን በሻማ የሚያደምቀው ይባላል። ቅስት ሆኖ የተሠራው የሻማ መቅረዝ፣ ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚው፣ በ1740 በዮሐንጌዮርገንሽታት ከብረት የተቀጠቀጠ ነው። በየቤቱ ለወንድ ልጅ ሻማ የያዘ የማዕድን ቆፋሪ፣ ለሴት ልጅ ሻማ የያዘ መልአክ በመስኮት የማቆም ልማድም ነበር፤ መንገደኛው መብራቱን ቆጥሮ የቤቱን ልጆች ያውቃል።

በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ሌሊት የእንግሊዝ፣ በማግስቱም የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማይቱን በእሳት መቷት። በ2010 ሥራውን የፈጸመው የታሪክ ምሁራን ጉባኤ የሟቾቹ ቁጥር ቢበዛ 25,000 እንደሆነ አረጋግጧል። መቃብር መቆፈሪያ ጊዜ ባለመኖሩ ከ6,800 የሚበልጥ አስከሬን በአልትማርክት ላይ በብረት ርብራብ ተከምሮ ተቃጠለ። ዛሬ ዳሶቹ የሚተከሉት በዚያው ዐደባባይ ላይ ነው።

ከዐደባባዩ ብዙም ሳይርቅ በ1743 ተሠርታ ያለቀችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ቃጠሎውን ሁለት ቀን ተቋቁማ በፌብሩዋሪ 15 ተናደች። በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ዘመን ሁሉ የድንጋይ ክምር ሆና ቆይታ በኦክቶበር 30 ቀን 2005 እንደገና ተመረቀች። በጕልላቷ ላይ ያለውን የወርቅ መስቀል ከሠሩት አንዱ፣ አባቱ ከተማይቱን ከደበደቡት አውሮፕላኖች አንዱን ያበረረ እንግሊዛዊ አንጥረኛ ነው። ግድግዳዋ ዥጉርጉር ነው፤ ጥቁሮቹ ድንጋዮች ከፍርስራሹ የተለቀሙት፣ ነጣ ያሉት አዲሶቹ ናቸው። የአገሩ የአሸዋ ድንጋይ ግን አየር እየመታው ይጠቁራልና ከዓመታት በኋላ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት አይቻልም።