5 ኢንች አፈር

ኦክቶበር 2 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገው የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ የካርዲናልስ ኳስ ወርዋሪ ቦብ ጊብሰን የዲትሮይት ታይገርስን መቺዎች 17 ጊዜ በሦስት ስትራይክ (መቺው በሳታቸው ወይም ሊመታቸው ሲገባ ባሳለፋቸው ኳሶች) አሰናበተ። በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ ይህን ያህል ያሰናበተ ወርዋሪ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በመደበኛው የውድድር ዘመንም 13 ጨዋታዎችን አንድ ነጥብ ሳይቆጠርበት ጨርሷል።

ዓመቱ የወርዋሪዎች ነበር። የዲትሮይቱ ዴኒ ማክሌይን 31 ጨዋታ አሸነፈ። በአሜሪካን ሊግ ከመቺዎች ሁሉ አንደኛ የወጣው ካርል ያስትሬምስኪ ያገኘው አማካይ ውጤት (በተሳካ ምት የጨረሳቸው ተራዎች ድርሻ) 0.301 ብቻ ነው፤ በዚህን ያህል ዝቅተኛ ቁጥር አንደኛ የሆነ መቺ ከእሱ በፊት አልነበረም። ተመልካች ኳስ በዱላ ተመትታ ስትበር ለማየት ነው የሚመጣው፤ የሚያየው ግን ባዶ እጁን የሚመለስ መቺ ሆነ።

ወርዋሪው የሚቆመው በአፈር ጉብታ ላይ ነው። ከከፍታ የተለቀቀች ኳስ ቁልቁል ስለምትወርድ፣ አግድም ለሚወዛወዝ ዱላ አትመችም። የጉብታው ጣሪያ 15 ኢንች፣ ማለትም 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። የሎስ አንጀለሱ የዶጀርስ ሜዳ ጉብታ ከዚህም ይበልጣል እየተባለ ይታማ ነበር። ለ1969 ውድድር ጉብታው ወደ 10 ኢንች ዝቅ ተደረገ፤ ስትራይክ የሚባልበት ክልልም ጠበበ። የመቺዎች አማካይ ከ0.237 ወደ 0.248 ከፍ አለ። ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ፤ የማንንም ክንድ ሳያስር ሚዛኑን ከመሬቱ ላይ አስተካክሏልና። ጊብሰንም አፈሩ ስለተቀነሰበት አላነሰም፤ በ1969 20 ጨዋታ አሸንፎ፣ በ1970 የምርጥ ወርዋሪነቱን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ።

ወርዋሪው ከመቺው በሚቆምበት ርቀትም ላይ ቀደም ሲል ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በ1880ዎቹ ወርዋሪዎች ክንዳቸውን ከትከሻ በላይ አንስተው እንዲወረውሩ ሲፈቀድላቸው ፍጥነታቸው አስፈሪ ሆነ። ከሁሉ የሚፈራው የኒው ዮርክ ጃያንትሱ ኤሞስ ሩሲ ነበር። በ1893 ወርዋሪው 5 ጫማ ያህል ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ እግሩን ከሚያሳርፍበት ሰሌዳ እስከ መቺው ሰሌዳ ጫፍ ያለው ርቀት 60 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም 18.44 ሜትር ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የናሽናል ሊግ መቺዎች አማካይ 0.309 ደረሰ።

የቤዝቦል ዘመድ የሆነው ሶፍትቦል ግን ጉብታ የለውም። ወርዋሪዋ በተስተካከለ መሬት ላይ ቆማ፣ ክንዷን እንደ መንኮራኩር አዙራ ኳሷን ከዳሌዋ አጠገብ ትለቃለች። በአሜሪካ ኮሌጆች ርቀቱ 43 ጫማ፣ 13.1 ሜትር ነው። ኳሷ ከቤዝቦሏ ብትዘገይም መንገዷ አጭር ስለሆነ፣ መቺዋ የምታገኘው የማሰቢያ ጊዜ እንደ ቤዝቦሉ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

በ2021 አትላንቲክ ሊግ የተባለው ውድድር የቤዝቦሉን ርቀት በ1 ጫማ ጨምሮ ግማሽ የውድድር ዘመን ሞከረው፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ቀድሞው መለሰው።