ቀዝቃዛ ቡና በፍሬንች ፕሬስ፦ እሳቱ ለውሃው፣ ጊዜው ለቡናው

ቡና ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ትኩሱ ነው። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በጀበና ፈልቶ ከነእንፋሎቱ በስኒ የሚቀዳው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤትና በአንዳንድ የአዲስ አበባ ካፌዎች “ኮልድ ብሩ” የሚባለው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ለረጅም ሰዓት ተዘፍዝፎ የሚጠለለው ቡና እየተለመደ መጥቷል። የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም፣ በአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ በሉማሜ ነው። እዚህም ፍሬንች ፕሬስ ከዘመድ በስጦታ ደርሷቸው በመደርደሪያ ላይ ያስቀመጡ ሰዎች ስለ አጠቃቀሙ ይጠይቁኛል። ይህን ማብራሪያ ያዘጋጀሁትም ለእነርሱና ለመሰሎቻቸው ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በጀበና ወይም በማሽን ከፈላ በኋላ በረዶ የተጨመረበት ቡና ኮልድ ብሩ አይደለም። ኮልድ ብሩ ከመነሻው ትኩስ ውሃ ያልነካው፣ ሙቀቱ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ ጊዜ የሠራለት ቡና ነው።

ዕቃው ከየት መጣ?

ፍሬንች ፕሬስ ስሙ ፈረንሳዊ ይሁን እንጂ ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1929 የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት አቲልዮ ካሊማኒና ጁልዮ ሞኔታ የተባሉ ጣሊያናውያን ናቸው። ቡናን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ማጥለልን ለቤት በሚሆን ዕቃ ያስተዋወቀው ደግሞ አሜሪካዊው የኬሚካል ምህንድስና ባለሙያ ቶድ ሲምፕሰን ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1964 ነበር። ጃፓኖች ከዚያ በፊት ጀምሮ ውሃን በጠብታ እያሳለፉ ቀዝቃዛ ቡና የማዘጋጀት ልማድ ነበራቸው።

ከሁሉ በፊት ውሃው

ስለ ኮልድ ብሩ የሚጻፉ የውጭ አገር መመሪያዎች አብዛኞቹ “የቧንቧ ውሃ ይጨምሩ” ብለው ያልፋሉ። ለእኛ ግን ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ጀበና በአንድ እሳት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ቡናውን ያፈላል፣ ውሃውንም ከተዋስያን ያጸዳል። ኮልድ ብሩ ሁለተኛውን ሥራ ያስቀርብናል። ቧንቧ ለቀናት በሚጠፋበት፣ ውሃ በጀሪካንና በበርሜል በሚጠራቀምበት ከተማ ያልፈላ ውሃ ለ16 ሰዓት ከቡና ጋር አስቀምጦ መጠጣት ተቅማጥን፣ ሲከፋም አተትን መጋበዝ ነው። ቡና መራራና ጥቁር መሆኑ ጀርም አይገድልም።

ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ ይፈላ። በደጋ አገር ደግሞ የሚፈላበት ጊዜ ረዘም ማለት አለበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,446 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሉማሜም በዚያው ደጋ ላይ ያለች ናት። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖሩ ሰዎች የሚሰጠው የጤና ምክር ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ከዚያ በንጹሕ ክዳን ተሸፍኖ ይቀዝቅዝ። ማታ ለቤት የሚፈላው የመጠጥ ውሃ ላይ ጥቂት መጨመር ስለሚበቃ የተለየ ከሰል አይጠይቅም።

ቡናው

አቆላሉ መካከለኛ ቢሆን ይመረጣል፤ በጣም የጠቆረው በረጅሙ ሰዓት ምሬቱ ይጎላል። እኛ ቆልተን ወዲያው መውቀጥ ልማዳችን ነው። ለዚህኛው ግን ቢያንስ አንድ ሌሊት ቢያድር ይሻላል፤ ትኩስ የተቆላ ቡና ውስጡ ብዙ ጋዝ ስለሚይዝ ውሃው እኩል አያርሰውም። የይርጋጨፌ ዓይነት የታጠበ ቡና ጠራ ያለና ቀለል ያለ ጣዕም ሲሰጥ፣ የሐረር ዓይነት ደረቅ ቡና ወፈር፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል። ለእኛ ለጎጃሞች በቅርብ ያለው በጣና ዳር ገዳማት ዙሪያ የሚበቅለው የዘጌ ቡና ነው፤ በአፈ ታሪክ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደበቀለ የሚነገርለት ማለት ነው።

አወቃቀጡ ሽርክት ነው፤ ለጀበና እንደምናደርገው አይልምም። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ሽርክቱና ዱቄቱ ተደባልቆ ስለሚወጣ በወንፊት ይነፋ። በላይ የቀረው ለፍሬንች ፕሬሱ ይሆናል፤ ያለፈውን ዱቄት ለጀበና ያስቀምጡት። ዱቄቱ ከገባ የመጭመቂያውን ወንፊት አልፎ ስኒው ውስጥ ይዘቅጣል፣ መጫኑም ያታግላል።

አዘገጃጀቱ

አንድ ሊትር ለሚይዝ ፍሬንች ፕሬስ 100 ግራም ቡናና 800 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። አነስተኛው፣ 350 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ከሆነ ቡናውንም ውሃውንም በዚሁ ልክ ይቀንሱ። ልኩ አንድ እጅ ቡና ለስምንት እጅ ውሃ ነው።

ብርጭቆውና ወንፊቱ በሳሙና ታጥቦ በፈላ ውሃ ይለቅለቅ። ቡናውን ከጨመሩ በኋላ ከውሃው ግማሹን አፍስሰው በእንጨት ማንኪያ ያማስሉ፤ ደረቅ ሆኖ የሚንሳፈፍ እንዳይኖር። ቀሪውን ውሃ ይጨምሩና ክዳኑን ያድርጉበት፤ መጫኛውን ግን ወደ ታች አይጫኑ። የደጋው ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ እዚህ 16 ሰዓት ያስፈልገዋል። ማታ 12 ሰዓት የተዘፈዘፈው ጠዋት 4 ሰዓት ይደርሳል። በማቀዝቀዣ ውስጥ ከሆነ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ።

ጊዜው ሲደርስ መጫኛውን ቀስ አድርገው ወደ ታች ይጫኑና ወዲያው ወደ ንጹሕ ጠርሙስ ይቅዱት፤ አተላው ላይ ከቆየ ይመራል። ጠራ እንዲል የሚፈልጉ በፈላ ውሃ በታጠበ ነጭ ጨርቅ ደግመው ያጥልሉት። ቡናው ከክብደቱ እጥፍ ያህል ውሃ ስለሚይዝ ከ800 ሚሊ ሊትሩ የሚወጣው 600 ገደማ ነው። ይህ ወፍራም ስለሆነ በእኩል ውሃ ይቀጠናል፤ ወደ 15 ስኒ ይሆናል ማለት ነው።

የቀረውን አተላ አይድፉት። ቀዝቃዛ ውሃ ያላወጣውን ሙቅ ውሃ ያወጣዋልና በዚያው ቀን በጀበና ቢያፈሉት እንደ በረካ ይጠጣል። እኔ ቤት የሚጣል የለም።

አቀማመጡና ጤናው

“ኮልድ ብሩ አሲድ ስለሌለው ለጨጓራ መድኃኒት ነው” የሚባለውን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በፊላደልፊያ የታተመ ሳይሆን የተሠራ፣ የኢትዮጵያ ቡናዎችንም ያካተተ ጥናት እንዳሳየው የትኩሱና የቀዝቃዛው ፒኤች ተቀራራቢ፣ ከ4.85 እስከ 5.13 ነው። በትኩሱ ውስጥ ያለው የአሲድ ጠቅላላ መጠን ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛው ለምላስ ለስለስ ይላል። ሕመም ላለበት ሰው ግን ሐኪም የከለከለውን አይፈቅድም።

ይኸው ቁጥር ሌላም ነገር ይነግረናል። ፒኤቹ ከ4.6 በላይ የሆነ ምግብና መጠጥ በአሲድነቱ ራሱን ከብልሽት ጠብቆ ሊቆይ አይችልም። ማቀዝቀዣ ካለ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ይጠጣ። ማቀዝቀዣ ከሌለ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ሰዓታት ከቆጠረ፣ በተጠለለበት ቀን ይለቅ። ሽታው የተለወጠ ይደፋ።

ያልቀጠነው ጠንካራ መሆኑንም አይርሱ። ለጤናማ አዋቂ በቀን 400፣ ለነፍሰ ጡር 200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳይታለፍ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳስቧል። ቀዝቃዛ ቡና እንደ ውሃ በብርጭቆ ስለሚጨለጥ ልኩን ማለፍ ቀላል ነው፤ በስኒ ይለኩት።

ይህ ሁሉ ጀበናን ለመተካት አይደለም። ጎረቤቴ ጠርሙሱን አይታ “ይኼ ቡና ሰው አይጠራም” ብላኛለች፤ እውነቷን ነው። ጭሱና ሽታው ከሌለ የሚሰበሰብ የለም። ከሰል ማቀጣጠያ ጊዜ ለሌለው፣ ጠዋት ቢሮ ይዞት ለሚሄድ፣ በጠባብ ቤት የከሰል ጭስ ለሚያስጨንቀው ሰው ግን ጠቃሚ ነው። ለሰው ሲባል ጀበናው ይጣድ፤ ለራስ ሲሆን ጠርሙሱ ይበቃል።