የኮምፒዩተር አጠቃቀም ደንብ፤ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ፈቃድ» ምን ማለት ነው?

አንድ ተማሪ ወይም መምህር በዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ እንዲጠቀም የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሲሰጠው፣ አብሮ የሚሰጠውና ብዙውን ጊዜ ሳይነበብ የሚፈረም አንድ ሰነድ አለ፡፡ ሰነዱ የኮምፒዩተርና የኔትወርክ አጠቃቀም ደንብ ይባላል፡፡ ይዘቱ ከአገር አገር እምብዛም አይለያይም፡፡ የይለፍ ቃልህን ለሌላ አትስጥ፣ የሰው ፋይል አትክፈት፣ ኔትወርኩን ለግል ንግድ አታውል፣ የቅጂ መብት ያለውን ሥራ አታባዛ፣ የጅምላ ኢሜይል አትላክ ይላል፡፡ ደንቡን የጣሰ ሰው አካውንቱ ይዘጋበታል፤ ጥፋቱ ከበድ ካለ ደግሞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፡፡

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የአይሲቲ ክፍል የውስጥ ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር፡፡ ይሁንና በብዙ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ የቆመው «ፈቃድ» በሚለው ቃል ላይ ነው፡፡ ያለ ፈቃድ መግባት ወንጀል ነው፤ ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ መግባትም እንዲሁ፡፡ ፈቃዱን የሚሰጠው ግን ሕግ አውጪው ሳይሆን የኮምፒዩተሩ ባለቤት ነው፡፡ በመሆኑም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቢሮ ውስጥ የተረቀቀ የሁለት ገጽ ወረቀት፣ አንድ ወጣት በማስጠንቀቂያ ይታለፍ ወይስ ይታሰር የሚለውን ጥያቄ እስከመወሰን ሊደርስ ይችላል፡፡

ደንቡ ከየት መጣ?

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1986 ኤንኤስኤፍኔት የተባለውን ኔትወርክ ሥራ ሲያስጀምር ዓላማው ተመራማሪዎችን ከጥቂት ታላላቅ የኮምፒዩተር ማዕከላት ጋር ማገናኘት ነበር፡፡ የዋናው መስመር የመጀመሪያ ፍጥነት በሰከንድ 56 ኪሎቢት ብቻ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ በየቤቱ ስልክ ላይ ይገጠም የነበረው ሞደም ከደረሰበት ፍጥነት አይበልጥም፡፡ መስመሩ ጠባብ፣ ወጪውም የመንግሥት በመሆኑ ፋውንዴሽኑ የአጠቃቀም ደንብ አወጣ፡፡ ለምርምርና ለትምህርት መጠቀም ይቻላል፤ ለንግድ አይቻልም፡፡

ይህ ክልከላ በዋናው መስመር ላይ ብዙም አልቆየም፡፡ የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕጉን አሻሽሎ የንግድ አጠቃቀምን ፈቀደ፤ ሚያዝያ 30 ቀን 1995 ደግሞ የኤንኤስኤፍኔት ዋና መስመር ተዘግቶ ሥራው ወደ ንግድ ድርጅቶች ተላለፈ፡፡ በየግቢው ባሉ ደንቦች ውስጥ ግን «ለንግድ አይውልም» የሚለው ሐረግ እስከ ዛሬ አለ፡፡ መነሻው የመስመር እጥረት መሆኑ ተረስቶ የሥነ ምግባር ጉዳይ መስሎ ሲታይ ማየት የተለመደ ነው፡፡

የኮርኔሉ ተማሪ

ጉዳዩን ከደንብ ወደ ፍርድ ቤት ያሻገረው ሮበርት ታፓን ሞሪስ የተባለ፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ የመጀመሪያ ዓመት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነው፡፡ ሞሪስ ኅዳር 2 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ራሱን እያባዛ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚዛመት ፕሮግራም ለቀቀ፡፡ ከኮርኔል መውጣቱ እንዳይታወቅ የለቀቀው በሌላ ከተማ ከሚገኝ የኤምአይቲ ኮምፒዩተር ላይ ነበር፡፡ ፕሮግራሙ ፋይል አላጠፋም፣ መረጃም አልሰረቀም፡፡ ጉዳቱ የመጣው ከብዛቱ ነው፡፡ ወደ አንድ ኮምፒዩተር ሲደርስ «ከእኔ በፊት የገባ ቅጂ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «አዎን» ከሆነ መመለስ ነበረበት፡፡ ነገር ግን ባለሙያዎች ሐሰተኛ «አዎን» እያስመለሱ እንዳይከላከሉት ሲል፣ ከሰባት አንድ ጊዜ መልሱን ችላ ብሎ እንዲገባ አደረገው፡፡ ይህች አንድ ሰባተኛ በቂ ሆነች፡፡ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ቅጂዎቹ እየተደራረቡ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ለሰዓታት፣ አንዳንዶቹም ለቀናት ሥራ ፈቱ፡፡ በወቅቱ በግምት ከ60,000 ኮምፒዩተሮች 6,000 ያህሉ ተጠቅተዋል ተብሏል፡፡ ሞሪስ ነገሩ ከእጁ ሲወጣ በሃርቫርድ ካለ ጓደኛው ጋር ተማክሮ ማርከሻውን የሚገልጽ ስም የለሽ መልእክት አስላከ፤ መልእክቱ ግን ኔትወርኩ በመጨናነቁ በሰዓቱ አልደረሰም፡፡

በፍርድ ቤት ያቀረበው መከራከሪያ ለዚህ ጽሑፍ ርዕስ ቁልፍ ነው፡፡ «በኮርኔል፣ በሃርቫርድና በበርክሌይ ኮምፒዩተሮች የመጠቀም ፈቃድ ነበረኝ፤ ምናልባት ከፈቃዴ አልፌ ይሆናል እንጂ ያለ ፈቃድ አልገባሁም» የሚል ነበር፡፡ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ይህን አልተቀበለም፡፡ ሞሪስ የኢሜይል ማስተላለፊያውንና ስለ ተጠቃሚዎች መረጃ የሚሰጠውን ፕሮግራም የተጠቀመባቸው ከተሠሩበት ተግባር ጋር በማይገናኝ መንገድ ነው፤ ፕሮግራሙም የይለፍ ቃል እየገመተ አካውንት ወደሌለው ኮምፒዩተር ገብቷል ሲል ወሰነ፡፡ ቅጣቱ የ3 ዓመት የሙከራ ጊዜ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር ሆነ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ማጭበርበር ሕግ መሠረት በዳኞች ፊት ቀርቦ ጥፋተኛ የተባለ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ፡፡ የሚገርመው ሞሪስ በኋላ ዶክትሬቱን ከሃርቫርድ አግኝቶ ፕሮግራሙን በለቀቀበት በኤምአይቲ ፕሮፌሰር መሆኑ ነው፡፡

ከአደጋው በኋላ በዚያው ወር በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የኮምፒዩተር አደጋ ምላሽ ማዕከል ተቋቋመ፡፡ በጥር 1989 ደግሞ የኢንተርኔትን ቴክኒክ ይመራ የነበረው ቦርድ አጭር የሥነ ምግባር መግለጫ አወጣ፡፡ ያለ ፈቃድ መግባትን፣ የኔትወርኩን ሥራ ማወክን፣ ሀብት ማባከንን፣ መረጃ ማበላሸትንና የሰዎችን ግላዊነት መድፈርን ነውር ብሎ ፈረጀ፡፡ የዛሬዎቹን የዩኒቨርሲቲ ደንቦች ከዚህ መግለጫ ጋር ያስተያየ ሰው ዝምድናቸውን ለማየት አይቸገርም፡፡

እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ናፕስተር፡፡ ተማሪዎች ሙዚቃ በመለዋወጥ የግቢውን መስመር ስላጨናነቁት ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በየካቲት 2000 ፕሮግራሙን ዘጋው፤ በሚቀጥለው ወር ከፈተው፡፡ በሚያዝያ ወር ሜታሊካ የተባለው የሮክ ባንድ ናፕስተርን ሲከስ ኢንዲያናን፣ ዬልንና የደቡብ ካሊፎርኒያን ዩኒቨርሲቲ አብሮ ከሰሰ፡፡ ዬልና ኢንዲያና ፕሮግራሙን በመዝጋታቸው ከክሱ ወጡ፡፡ የቅጂ መብት አንቀጽ በየደንቡ እንዲሰፋ ያደረገው የሕግ ፍራቻ እንጂ ለሙዚቀኞች ማዘን አልነበረም ማለት ይቻላል፡፡

ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ

የ«ፈቃድ» ነገር እጅግ መራራ ሆኖ የታየው ግን በኤምአይቲ ነው፡፡ ኤምአይቲ በዘመኑ ከነበሩ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ክፍት የሆነ ኔትወርክ አለኝ ብሎ የሚኮራ ተቋም ነበር፡፡ እንግዳ ሰው ግቢው ገብቶ ኮምፒዩተሩን ካገናኘ በኔትወርኩ መጠቀም ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲው ከፍሎ የሚያስገኘውን ጄስቶር የተባለውን የምሁራን መጣጥፎች ማከማቻም እንዲሁ፡፡ አሮን ስዋርትዝ የተባለው ወጣት ፕሮግራመር የኤምአይቲ ተማሪ አልነበረም፤ በጎረቤቱ በሃርቫርድ የሥነ ምግባር ጥናት ማዕከል ውስጥ ይሠራ ነበር፡፡ ከመስከረም 2010 ጀምሮ በእንግድነት ተመዝግቦ ሚሊዮኖች መጣጥፎችን በፕሮግራም ማውረድ ጀመረ፡፡ ሲዘጉበት አድራሻ እየቀየረ ቀጠለ፤ በመጨረሻም ላፕቶፑን በአንድ ሕንፃ የኔትወርክ ገመድ ክፍል ውስጥ ደበቀው፡፡ በማውረዱ ብዛት የተነሳ ጄስቶር በጥቅምት ወር የመላውን ኤምአይቲ አገልግሎት ለቀናት እስከማቋረጥ ደርሶ ነበር፡፡

ስዋርትዝ ጥር 6 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ተያዘ፡፡ ጄስቶር ፋይሎቹ ከተመለሱለት በኋላ ጉዳዩን ለመግፋት ፍላጎት እንደሌለው ገለጸ፡፡ የፌደራል ዐቃቤ ሕግ ግን በሐምሌ 2011 ክስ መሠረተ፤ ቅጣቱ እስከ 35 ዓመት እስርና 1 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል በመግለጫው አስታወቀ፡፡ በመስከረም 2012 ክሶቹ ወደ 13 ከፍ አሉ፡፡ ስዋርትዝ ጥር 11 ቀን 2013 በ26 ዓመቱ ራሱን አጠፋ፡፡ ጉዳዩ ለፍርድ አልደረሰም፡፡

ከዚያ በኋላ ኤምአይቲ በፕሮፌሰር ሃል አቤልሰን የሚመራ ቡድን አቋቁሞ የራሱን አካሄድ አስመረመረ፡፡ በሐምሌ 2013 የወጣው ሪፖርት ውስጥ ሊተኮርበት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ፡፡ መርማሪዎቹ ማረጋገጥ እስከቻሉት ድረስ፣ ስዋርትዝ በኤምአይቲ ኔትወርክ የተጠቀመው በፈቃድ ነው ወይስ ያለ ፈቃድ የሚለውን ጥያቄ ዐቃቤ ሕግም ሆነ ተከላካይ ጠበቆች ለዩኒቨርሲቲው አላቀረቡም፤ ዩኒቨርሲቲውም ራሱን አልጠየቀም፡፡ ክሱ የተንጠለጠለው በዚያ ቃል ላይ ነበር፡፡ የቃሉ ባለቤት ዩኒቨርሲቲው ነበር፡፡ እሱ ግን «ገለልተኛ ነኝ» ብሎ ዝም አለ፡፡ ስዋርትዝ ላፕቶፕ መደበቁና ሲዘጉበት መቀጠሉ ጥፋት አይደለም ለማለት አይደለም፤ ጥፋቱ ከግቢ የሚያስባርር ነው ወይስ የአስርት ዓመታት እስር የሚያሰጋ የሚለውን መመለስ የሚችለው ተቋም አለመናገሩ ነው የሚያስቆጨው፡፡

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 3 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በሌላ መዝገብ ሕጉን አጥብቦ ተረጎመው፡፡ ጉዳዩ ገንዘብ ተቀብሎ በፖሊስ ዳታቤዝ የመኪና ሰሌዳ የፈለገ የጆርጂያ ፖሊስ ጉዳይ ነበር፡፡ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ እንደወሰነው፣ ሰውየው ወደ መረጃው የመግባት መብት ስለነበረው ለመጥፎ ዓላማ መጠቀሙ ብቻ በዚህ ሕግ «ከፈቃድ ማለፍ» አይሆንም፡፡ አለዚያ በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የግል ኢሜይል የላከ ወይም ዜና ያነበበ ሁሉ ወንጀለኛ ሊሆን ነው ሲል አብላጫው ድምፅ አስረድቷል፡፡ በአጭሩ በሩ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለው ይታያል፤ ከገባ በኋላ የተጣሰው የአጠቃቀም ደንብ የአሠሪው ጉዳይ ነው፡፡

በአገራችን

ይህ ትርጓሜ የአሜሪካ ነው፤ እኛን አይመለከትም፡፡ በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል መጀመሪያ የተደነገገው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 706 እስከ 711 ነበር፡፡ እነዚህ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተተክተዋል፡፡ በአዋጁ አንቀጽ 3 መሠረት ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ ውጪ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት፣ ዳታ ወይም ኔትወርክ የገባ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ይጠብቁታል፡፡ ሥርዓቱ ለአንድ ድርጅት አገልግሎት ብቻ የተለየ ከሆነ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፡፡ የዩኒቨርሲቲን የውጤት መመዝገቢያ ያሰበ ሰው ይህችን ንዑስ አንቀጽ ቢያነባት አይከፋም፡፡ የይለፍ ቃልን ያለ ፈቃድ ለሌላ አሳልፎ መስጠትም በአንቀጽ 7 ተካቷል፡፡ መምህሩ ውጤት እንዲያስገባለት ለረዳቱ፣ ኃላፊው ደብዳቤ እንድትከፍትለት ለጸሐፊው ቁልፉን የሚሰጥበት ልማድ በየመሥሪያ ቤቱ እንዳለ የታወቀ ነው፤ ያ ልማድ በፈቃድ ነው ወይስ ያለ ፈቃድ የሚለው የሚታየው ከተቋሙ ደንብ ነው፡፡

ስለዚህ ደንቡ ግልጽ ካልሆነ ተጠቃሚው ለዐቃቤ ሕግ ትርጓሜ ይጋለጣል፡፡ «ተገቢ ያልሆነ አጠቃቀም የተከለከለ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ለአስተዳደሩ ይመቻል፤ ለተማሪው ግን ምንም አይነግረውም፡፡ ጥሩ ደንብ ወደ የትኛው ሥርዓት ማን መግባት እንደሚችል በስም ይጠቅሳል፡፡ መግባት የተፈቀደለት ሰው በአጠቃቀም ሲያጠፋ ጉዳዩ በዲሲፕሊን እንደሚታይ፣ የተዘጋ በር ሰብሮ የገባ ደግሞ ለፖሊስ እንደሚተላለፍ ለይቶ ይጽፋል፡፡ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች የኔትወርክን ድክመት የሚፈትሹበት ከዋናው መስመር የተለየ ላብ ይኖረዋል፤ ድክመት አግኝቶ የሚያመለክት ተማሪም ለማን እንደሚያመለክት ይነግረዋል፡፡ ይህ የመጨረሻው በብዙ ደንቦች ውስጥ የሚዘለል ነው፡፡ ውጤቱም ቀዳዳ ያየ ተማሪ እንዳላየ እንዲያልፍ ያደርገዋል፤ ቀዳዳው ግን እዚያው ይቆያል፡፡

የተጠቃሚው መብት በሌላ በኩል አለ፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በደብዳቤና በስልክ ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነትም ይጠብቃል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን ዳታ የሚሰበስብ ተቋም ለምን እንደሚሰበስብና እንዴት እንደሚይዝ ግዴታ ጥሎበታል፡፡ ኔትወርኩን የሚከታተል ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚመዘግብ፣ መዝገቡን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆይ፣ የአንድን ሰው የመልእክት ሳጥን ለመክፈት የማን ፊርማ እንደሚያስፈልግ በዚያው ደንብ ላይ ሊያሰፍር ይገባል፡፡ ወረቀቱ ሲፈረምም አንዱ ቅጂ በፈራሚው እጅ ይቀራል፤ በአማርኛም ሆነ በሚገባው ቋንቋ፡፡