ከሐይቅ ዳር እስከ ደላንታ ሜዳ

የአርዲቦ ሐይቅ ከፍታው ላይ ተቀምጦ ውኃውን ቁልቁል ወደ ጎረቤቱ ያወርዳል። ጎረቤቱ ሎጎ ነው፤ መንገደኛው ግን በአጭሩ «ሐይቅ» ብሎት ያልፋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ደሴት ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ቀድሞ መነኩሴውም መጽሐፉም ውኃ ተሻግረው ነበር የሚገቡት።

አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ1240 ዓ.ም. ግድም እዚህ ሲቀመጡ ገዳሙን ትምህርት ቤት አደረጉት። ተማሪ ከበዛ ደግሞ መጽሐፍ መብዛት አለበት። በ1273 ዓ.ም. ያስጻፉት ባለ ሥዕል ወንጌል እስከ ዛሬ አለ፤ ከሥዕሎቹ አንዱ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ነው። በወንጌሉ ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም ሰፍሯል። በአገራችን ከሚታወቁት የመጻሕፍት ዝርዝሮች እጅግ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ይኸው ነው። በ1524 ዓ.ም. ግድም የኢማም አሕመድ ሠራዊት ደሴቱ ድረስ ዘልቆ የገዳሙን ወርቅ ሲወስድ ወንጌሉ ተርፏል።

የብራና መጽሐፍን ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ ባዶ ቅጠሎቹን ቢያይ ይሻለዋል። ማን እንዳስጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ፣ የሰረቀውና የፋቀው ሁሉ የተወገዘ እንዲሆን እዚያ ተጽፏል። ውግዘቱ ሁሉንም አላስፈራም። የመጀመሪያው ባለቤት ስም በካራ ተፍቆ፣ በሻከረው ብራና ላይ ሌላ ስም በሌላ እጅ የገባባቸው መጻሕፍት ሞልተዋል።

የእንግሊዝ መጽሐፍ ሰብሳቢዎችም የሚያብዱት ለዚሁ ዓይነት ጥቃቅን ነገር ነው። የደራሲው ዲከንስ ልብ ወለድ «ፒክዊክ ፔፐርስ» እ.ኤ.አ. በ1836 እና 1837 በየወሩ በአረንጓዴ ሽፋን፣ በአንድ ሽልንግ ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በጥቂት ቅጂ ብቻ ታተሙ፤ ዝናው ሲገን የኋለኞቹ ወደ 40,000 ደረሱ። ሰብሳቢ ታዲያ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች፣ ያውም ሽፋናቸውና የማስታወቂያ ገጻቸው ሳይጎድል ያድናል። አንባቢው ቀድዶ የጣለው የማስታወቂያ ወረቀት ዋጋ ያወጣል ማለት ነው።

ከሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ የወሎን ተራሮች ተሻግሮ፣ ሌላ ሰብሳቢ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ያከማቹ ነበር፤ ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ ወደ 1000 ይገመታል። አብዛኞቹ ከጎንደር አድባራት የመጡ ናቸው። እንዴት እንደመጡ የጎንደር ካህናት አልረሱትም፤ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋ ተዘርፋ ተቃጥላለች። እናም የመቅደላውን ዝርፊያ የሚያወሳ ሰው ይህን የመጀመሪያውን ዘሎ ባያልፈው ጥሩ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። የብሪታንያ ሙዚየም ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ከጦሩ ጋር አስቀድሞ ልኮ ነበር፤ እሱም አንድ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ከወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዛ። የተሰበሰበው ምርኮ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደ። ሚያዝያ 13 እና 14 ጨረታ ሆነ፤ የተገኘው ወደ 5000 ፓውንድ ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ሙዚየሙ እጅ ገቡ።

በዚያው ሰሞን የለንደን አንባቢ በየሳምንቱ የሚጠብቀው ልብ ወለድ ነበረው። የዊልኪ ኮሊንስ «ዘ ሙንስቶን» በዲከንስ መጽሔት ላይ ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ 1860 ዓ.ም. በተከታታይ ወጣ። ታሪኩ አንድ የእንግሊዝ መኮንን በሕንድ ጦርነት ስለዘረፈው የተቀደሰ አልማዝ ነው፤ ባለቤቶቹ ሊያስመልሱት ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ። ደላንታ ላይ ጨረታው ሲጮህ ልብ ወለዱ ገና መሀሉ ላይ ነበር። መቅደላ የዘመተውም ጦር የተነሣው ከቦምቤይ ነው። ኮሊንስ ስለ መቅደላ አስቦ አልጻፈውም፤ ግጥምጥሞሹ ግን ራሱ ልብ ወለድ ይመስላል።

ዐፄ ዮሐንስ ባሕር አልተሻገሩም፤ ደብዳቤ ላኩ። የጠየቁት ክብረ ነገሥትን ነበር። ሙዚየሙ ከመቅደላ የመጣ ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን በ1865 ዓ.ም. መለሰ። ሌሎቹ ግን እዚያው ቀርተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

የሐይቁ ወንጌል አልተሸጠም፣ አልተጫነም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ፣ ቅጂዎቹ አዲስ አበባና አሜሪካ ሚኒሶታ ሲቀመጡ፣ ፎቶው ብቻ ተወሰደ። በዚያ ክምችት ቁጥሩ 1832 ነው፤ የጥንት ወንጌላትን የሚያጠኑ ሰዎችም በስሙ ሳይሆን በዚህ ቁጥር ይጠሩታል።