ለይቶ መተኮስ

ሰሞኑን አንድ የቆዳ ሕክምና ጽሑፍ ውስጥ «ምርጫዊ ብርሃነ-ሙቀታዊ ብተና» የሚል ስም አገኘሁ። ሦስቴ ደጋግሜ ካነበብኩት በኋላ ነው ሰሌክቲቭ ፎቶተርሞሊሲስን ለማለት እንደሆነ የገባኝ። እያንዳንዱ ቃል አማርኛ ነው፤ ሲገጣጠሙ ግን አማርኛነታቸው ይጠፋል። «ምርጫዊ» ሲባል ጆሮ የሚሄደው ወደ ድምፅ መስጫው ሳጥን፣ «ብተና» ሲባል ደግሞ ወደ ሰልፍ ነው።

ነገሩ እንደ ስሙ የከበደ አይደለም። ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሐሳብ ነው፤ የሌዘሩን የሞገድ ርዝመት ዒላማው በሚውጠው ልክ መምረጥ፣ ምቱንም ሙቀቱ ወደ ጎን ሳይዛመት እንዲያበቃ ማሳጠር። የደም ሥሩ ወይም የንቅሳቱ ቀለም ይመታል፣ ዙሪያው ይተርፋል።

አንድ ወዳጄ «ብርሃናዊ ፍታት» እንበለው አለኝ። ሊሲስ በግሪክኛ መፍታት ነውና ከግእዙ ፈትሐ ጋር በትርጉም ይገጥማል። ነገር ግን ፍታት የሙታን ጸሎት ነው። ሊታከም የመጣን ሰው በዚህ ቃል መቀበል አይገባም።

እኔ «ተኮሰ»ን እመርጣለሁ። ትኩስ፣ ትኩሳት፣ ተኩስ ሁሉም ከዚህ ሥር የወጡ ናቸው። ባላገሩ የሚያመውን ቦታ በጋለ ብረት ይተኩሳል፤ ጠመንጃም ይተኮሳል። ሌዘር ሁለቱንም ያደርጋል፦ ዒላማ ላይ ይተኩሳል፣ የተተኮሰውም ይግላል። የጋለ ብረት ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል የሚለኝ ሰው እውነት አለው። ስለዚህ ነው «ለይቶ» የሚቀድመው። «መርጦ» አላልኩም፤ መምረጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ብርሃኑ ግን የሚለየው በቀለም ነው።

መለየቱ ደግሞ ለእኛ ቆዳ ዋና ጉዳይ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ የላይኛው ሽፋን ውስጥ ያለው ሜላኒን ራሱ ብርሃኑን ይሻማል፣ ቆዳውም ሊቃጠል ይችላል። ሜላኒን እምብዛም የማይውጠው የ1064 ናኖሜትር ጨረር የሚመረጠው ለዚህ ነው። በእስራኤል የቆዳ ሐኪሞች የቤተ እስራኤላውያንን ንቅሳት በሌዘር ስለማስለቀቅ በ2004 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል። የአንገታቸውን ንቅሳት ሊያስለቅቁ ለመጡ እናት ሐኪሙ እንዲህ ሊላቸው ይችላል፦ «እማማ፣ ጨረሩ ቀለሙን ከቆዳዎ ለይቶ ይተኩሰዋል። ቆዳዎ ጠቆር ስለሚል መለየቱ እንዳይከብደው ቀስ ብለን፣ በየጊዜው እየተመላለሱ እንሠራዋለን።»